የጥያ ሰይፎች ማንን ይጠብቃሉ?

ጥያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በአጠገቧ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ዩኔስኮ ሥፍራውን በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ክብ ምልክትና ቅጠል የሚመስል ቅርጽም ይታያል። ቅጠሉን እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ ለጉራጌ አገር የሚስማማ ግምት ነው።

በቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኝቷል። ታዲያ ሰይፉ ምን ይጠብቃል? ሙት የሚዘረፍ ሀብት፣ የሚያጣው ሕይወት የለውም። አስጎብኚዎች የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ብዛት ያሳያል ይላሉ። በፉከራ ግዳይ መቁጠር ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትርጓሜ አይደለም፤ በኮንሶም የጀግናው ምስል ከገደላቸው ጠላቶች ምስል ጋር ይተከላል። ሆኖም ይህን የመሰለ ድንጋይ ጠርቦ፣ ጎትቶና አቁሞ የሚጨርሰው ሟቹ ሳይሆን ወገኑ ነው። ስለዚህ ሰይፉ ከመቃብሩ ይልቅ የቋሚዎቹን ክብር የሚጠብቅ ይመስላል።

ለጥበቃ የተሠራ ነገር ግን ለሠሪው ብቻ ታምኖ አይቀርም። ለምሳሌ በመካከለኛው ዘመን ሰርቢያ፣ ዛሬ ኮሶቮ በሚባለው ምድር፣ የኖቮ ብርዶ ምሽግ የታነጸው የብር ማዕድን ለመጠበቅ ነበር። ገዢው ስቴፋን ላዛሬቪች በ1412 እ.ኤ.አ. የማዕድን ሕግ አወጣ። በ1455 ግን የኦቶማኑ ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ከተማዋን ያዘ፤ ማዕድኑም ምሽጉም ለአዲሱ ጌታ አደሩ። ግንብ ማን እንዳነጸው አይጠይቅም፤ የያዘውን ያገለግላል።

የጥያም ድንጋይ ዕጣ ከዚህ አልራቀም። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል። ግራኝ የተባሉት ኢማም አሕመድ የዘመቱት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ድንጋዮቹ ግን ከእሳቸው በብዙ ዘመን ይቀድማሉ። የተከሉት ሰዎች ክብር ሳይታወቅ ወደ ሌላ ዝነኛ ተላልፏል።

ዛሬ የሶዶ ክርስቲያን ለሙታኑ የሚያደርገው ፍትሐትና ተዝካር ነው፤ በጸሎቱም የሟቹ የክርስትና ስም ይጠራል። ይህ ከድንጋይ የሚሻለው ማንን እንደሚያስታውስ ስለሚናገር ነው፤ የሚዘልቀው ግን ጠሪው እስካለ ድረስ ብቻ ነው።