ግንቡና ግንበኛው

ከቆላ ድባ ተነሥቼ ጎንደር በገባሁ ቁጥር እግሬ ሳያማክረኝ ወደ ፋሲል ግቢ ይወስደኛል። እንደ ማንኛውም ጎብኚ አንጋጥጬ አራቱን ድቡልቡል የማዕዘን ማማዎችና በአናታቸው የተደፉትን እንቁላል መሰል ጉልላቶች አያለሁ። በግቢው ውስጥ የሚጠራው ስም ሁልጊዜ የንጉሥ ስም ነው። ስለ ግንበኛው ዝም ነው።

በልጅነታችን «ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት» ሲባል እንሰማ ነበር። አፄ ፋሲል ግን ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበረ የሚሉም አሉ፤ ይሁን። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው ክንድ ግን የዚሁ አገር ክንድ ነው፤ ከነዚያም መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። አፄ ሱስንዮስ ስሜን ላይ ወግተው ድል ካደረጓቸው በኋላ ርስታቸውን ያጡ ወገኖች ናቸውና በእጅ ሙያ ማደር ነበረባቸው። የአባት ጦር መሬታቸውን ወሰደ፤ የልጅ ቤተ መንግሥት ጉልበታቸውን ፈለገ።

የእኔ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። እናቴ ደግ ሴት ነበረች። በገበያ ቀን ከሸክላ ሠሪዋ እንስራና ምጣድ ትገዛለች፤ በዋጋም አጥብቃ አትከራከርም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ቀና ስትል ግን ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። «ቡዳ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ማውጣትም አላስፈለጋት። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ እኔው ጮኬ ተናገርኩት። ሴትዮዋ ምጣዷን በጭድ መጠቅለሏን አላቋረጠችም። ማታ ከእርሷ በተገዛው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ በላሁ።

ለመሆኑ እጁን እየናቁ የእጁን ሥራ መውደድ ይቻላል? መቻሉን እኔው ምስክር ነኝ። የሚያስጨንቀኝ እንዴት እንደሚቻል ነው። ምናልባት ገዝተን ስንወስደው ሥራው ከሠሪው ይለያል፦ ምጣዱ የእናቴ ሆነ፣ ግንቡም የፋሲል። አንድ ወዳጄ ይህን ብነግረው፣ «ዓለሙ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የአምስተርዳም የቦይ ዳር ቤቶች የማን ናቸው ብትል የነጋዴው እንጂ የግንበኛው አይሉህም» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን የሠሪውን ስም መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ መሸሽ ሌላ ነገር ነው።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ባለፈው ጊዜ ከግንቡ ወጥቼ ቀድሞ መንደራቸው ወደ ነበረው ወደ ወለቃ ሄድኩና አንዲት ጀበና ገዛሁ። ሻጭዋ ሌላ ሰው ናት፤ ይቅርታ ብላት አይገባትም። የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ።