ክሮሞሶም በዳኝነት ወንበር

የጥንት የእስልምና ሕግ ሊቃውንት አንድ ራስ የሚያዞር የውርስ ጥያቄ ነበረባቸው። ወንድ ልጅ የእህቱን እጥፍ ይወርሳል፤ አካሉ የወንድም የሴትም የሆነ ልጅ ሲኖርስ? በየት በኩል እንደሚሸና አዩ፤ ዕድሜው ሲደርስ ጢም ያበቅል ወይም ጡት ያወጣ እንደሆነ ጠበቁ። እንዲያም ሆኖ ያልለየለትን በጸሎት ሰልፍ ከወንዶች ኋላ፣ ከሴቶች ፊት አቆሙት። ብዙዎቹ በአላህ ዘንድ ሰውየው ወይ ወንድ ወይ ሴት መሆኑን አልተጠራጠሩም። ያስጨነቃቸው የምድሩ ጉዳይ ነበር፤ ለመሆኑ ድርሻው ስንት ነው?

የአይሁድ ሊቃውንትም በሚሽና ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው በየትኛው ሕግ እንደ ወንድ፣ በየትኛው እንደ ሴት፣ በየትኛው እንደ ሁለቱም እንደሚቆጠር አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ረቢ ዮሴ ደግሞ ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው ብለው ተሟገቱ።

20ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሁሉ ሙግት በማይክሮስኮፕ ሊዘጋው ተነሣ። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1905 የዱቄት ትል ስታጠና ወንዱን የሚለየው ትንሹ ክሮሞሶም መሆኑን አሳየች። ኤክስ ኤክስ ሴት፣ ኤክስ ዋይ ወንድ፤ ለትምህርት ቤት ፈተና የሚመች ነገር።

በ1959 ግን ተመራማሪዎች ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያለው ወንድ፣ አንድ ኤክስ ብቻ ያላት ሴት አገኙ። የመጀመሪያው ከ600 ያህል ወንዶች በአንዱ ላይ ይታያል። አንዳንዱ የሚያውቀው ልጅ አልወልድ ብሎት ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ነው፤ ብዙዎች ግን ሳያውቁት ኖረው ያልፋሉ። በ1990 የለንደን ተመራማሪዎች ቁልፉ ዋይ ላይ የተቀመጠው ኤስ አር ዋይ የተባለ ጂን መሆኑን ደረሱበት። ጽንሱ ገና የሳምንታት ዕድሜ እያለው ይህ ጂን የወንድ ዘር ፍሬ እንዲሠራ ያዝዛል። አልፎ አልፎ ጂኑ ወደ ኤክስ ይሻገርና ኤክስ ኤክስ ያለው ወንድ ይወለዳል። ትእዛዙ ተሰጥቶም ሰሚ የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ ዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን ያመነጫል፣ ህዋሳቱ ግን ሆርሞኑን አይቀበሉትም፣ የምትወለደውም ልጅ ላዩዋት ሁሉ ሴት ናት።

ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ የተወለደችው እንዲህ ሆና ነው፤ አላወቀችም እንጂ። በ1983 ሄልሲንኪ ላይ የጾታ ምርመራውን አልፋ የሴትነት ምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። በ1985 ለዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ጃፓን ኮቤ ስትሄድ ወረቀቱን ረሳችው። እንደገና ተመረመረች፣ ወደቀች። ተጎድቻለሁ ብላ ከውድድሩ እንድትወጣ ተመከረች፣ እሺ አለች። በአገሯ ሻምፒዮና ዳግም ራስሽን አግልዪ ስትባል ግን እምቢ ብላ ሮጠች፣ አሸነፈችም። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የነፃ ትምህርት ዕድሏን፣ መኖሪያዋን፣ ክብረ ወሰኖቿን፣ እጮኛዋን አጣች። ቴስቶስትሮን የማይሠራበት ሰውነት ከሆርሞኑ የሚያገኘው ብልጫ እንደሌለ የተከራከሩላት ፊንላንዳዊው የዘረመል ሊቅ አልበርት ደ ላ ሻፔል ነበሩ። በ1988 ተፈቀደላት፤ ለ1992ቱ ኦሎምፒክ ግን በሽርፍራፊ ሰከንድ ሳትደርስ ቀረች።

የጥንቶቹ ፈራጆች ብልጫ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለውርስ የውርስን፣ ለጸሎት የጸሎትን መልስ ሰጡ። በፓቲኞ ላይ ግን ለሩጫ የታሰበ ምርመራ በመላ ሕይወቷ ላይ ፈረደ። ስፖርት የሴቶችን ውድድር የሚለይበት መስመር እንደሚያስፈልገው አያከራክርም። የዓለም አትሌቲክስም ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በሴቶች የዓለም ውድድር ለመሳተፍ የኤስ አር ዋይ ምርመራን ግዴታ ሲያደርግ፣ እንደ ፓቲኞ ላሉት የተለየ ፈቃድ አስቀምጧል።

ስለ ጾታ ዛሬ የሚሟገቱ ሁለት ወገኖች እነዚህን ሰዎች ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ለምስክርነት ይጠሯቸዋል። ወንድና ሴት የሚባል ነገር የለም የሚለው፣ ተጨማሪ ኤክስ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ወንድ እንደሚኖር ይዘነጋል። ክሮሞሶም ፈርዷል የሚለው ደግሞ ፓቲኞን ምን ሊላት ነው?

ዘፍጥረትን ይዞ የሚከራከር ምእመንም ማቴዎስ ምዕራፍ 19 ላይ መድረሱ አይቀርም። ክርስቶስ እዚያ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ጃንደረባ ስለሆኑ ሰዎች ይናገራል፤ ነቀፋ ግን አይወጣውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የንግሥት ሕንደኬ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ ጃንደረባነቱ ከልደት ይሁን በሰው እጅ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ፊልጶስም ሲያጠምቀው ስለ አካሉ እንደጠየቀው የተጻፈ ነገር የለም። በእጁ የነበረው የኢሳይያስ መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብሎ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት የክብር ስፍራ ይሰጣል።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2019 ሕዝቧን ስትቆጥር ከወንድና ከሴት ሌላ ሦስተኛ መደብ ጨምራ 1,524 ሰዎች መዝግባለች። በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕጓም አካሉ የወንድም የሴትም ሆኖ የተወለደ ልጅ በክብር የመያዝ፣ ተገቢውን ሕክምናና ትምህርት የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።