አውቆ ስለ መጫወት

ፋይናል ፋንታሲ 4 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጃፓን ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ተሠርቶ በእጅ በሚያዘው በኒንቴንዶ ዲኤስ ቀረበ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴሲል የተባለ የጦር አለቃ ንጉሡ የሰጠውን ቀለበት ወደ አንዲት መንደር ያደርሳል፤ በደረሰ ጊዜም ከቀለበቱ እሳት ወጥቶ መንደሪቱን ያቃጥላል። ሴሲል ይህን አላወቀም፤ መጀመሪያ የተጫወተውም ሰው አላወቀም። የቀድሞውን ተጫውቶ አዲሱን የሚይዝ ሰው ግን ያውቃል፤ አውቆም ያደርሳል። በእብናት ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን የሚያነሣበትን ጉድጓድ ራሱ ይመርጣል፤ በዚህ ግን ቀለበቱ ካልደረሰ ታሪኩ አይቀጥልም። እንግዲህ «ታዝዤ ነው» ማለት ያድነዋልን? መሣሪያውን ማጥፋት ይችል ነበር የሚል ይኖራል፤ የተቃጠለ ቤት የለም የሚልም አይጠፋ። ነገር ግን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሌላው ሲያደርግ ያያል፤ የሚጫወት ግን በገዛ ጣቱ ያደርጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ኋላ ሴሲል በተራራ ላይ ከጨለማው መልኩ ጋራ የሚገጥመው ነው። በዚያ የሚያሸንፈው ሰይፉን ሳያነሣ ሲታገሥ ነው። እስከዚያ ድረስ መምታትን የለመደ ጣት፥ ምሥጢሩን ቢያውቅ እንኳ፥ ዝም ማለት ይከብደዋል።