ዜሮም መልስ ነው

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። እሑድ ጠዋት ከሠፈራችን ጥድ ላይ የሚያርፉትን ጋጋኖዎች ቆጥራ በደብተሯ ትጽፋለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ከጎኑም ሥዕል። ባለፈው እሑድ ግን አንድም አልመጣም።

«አባዬ፣ እንዳለፈው አምስት ልበል?» አለችኝ።

የልጅ ደብተር ማን ያየዋል? ልላት ዳዳኝ። ግን ዜሮ ማለት ውርደት ነው ብለን ያስተማርናት እኛው ትልልቆቹ አይደለንም?

በ1900 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፍራንክ ቻፕማን በገና ሰሞን ወፍ ከማደን መቁጠር ይሻላል አለ። 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ቆጠራው ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ፈቃደኞች ይካሄዳል። የወፎች መመናመን ከታወቀባቸው መዝገቦች አንዱም ይኸው ነው። ቆጣሪው ሁሉ ደስ ያለውን ቁጥር ቢጽፍ ኖሮ፣ ከዱር የጠፋችው ወፍ በወረቀት ላይ ስትበር ትኖር ነበር።

ማንም በማያየው ደብተር ላይ እውነት መጻፍ ያልለመደ ልጅ፣ ነገ አገር በሚያየው መዝገብ ላይ ከየት ያመጣዋል?

«ያየሽውን ጻፊ» አልኳት።

«0» ብላ ጻፈች። ከሥሩም «ዝናብ ነበር» ስትል ጨመረች። ጋጋኖዎቹ በዝናቡ ምክንያት ቀሩ አላለችም። ያየችው ዝናቡን ነውና።