በትሩና ቢላዋው

ከጎንደር ተነስቶ በይፋግ በኩል ባሶ ገበያ የሚወርድ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። አሞሌ ጭኖ ይሄዳል፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። መንገድ ላይ የሚያድረው ከአንዲት ጠጅ ሻጭ ቤት ነው። ሴትዮዋ ባደረ ቁጥር በትሩ ላይ አንድ ጭረት ትጭርለታለች። ጭረቱ ሠላሳ የሞላለት እሳት ዳር ካለው መደብ ላይ ይተኛል፤ ሲፈልግም ጭረቱን ለአጋሰሶቹ በገብስ ይመነዝራል። ደግሞም "ነጋድራስ" እያለች ነበር የምትጠራው። ነጋድራስ አልነበረም፤ ግን አልጠላውም።

እያደር በትሩ ይመራው ጀመር። መንገዱ በቆላው ሲያቋርጥለት፣ ለአንዲት ጭረት ብሎ ግማሽ ቀን ዞሮ ዳገት ይወጣል። የበቅሎዋ ጀርባ ተገጥቦ ዝንብ ሲወራት እንኳ፣ "ሃያ አራት ደረሰ እኮ!" ይለው ነበር ጫኙን።

በጥቅምት አንድ ማታ ሴትዮዋ እግሩን ካሳጠበች በኋላ፣ "ነጋድራስ፣ ዘንድሮ ደንቡ ተለውጧል" አለችው። "ከእንግዲህ የምጭረው በአዳር አይደለም፤ በከፈሉት ልክ ነው። ጠጅ በብርሌ የሚያዝ ጭረቱን ያገኛል። ስንቁን ይዞ መጥቶ ቆሎውን ቆርጥሞ የሚተኛ ግን..." አልጨረሰችውም። ነጋዴው ቆሎ ቆርጣሚ ነበር።

ከወንዙ ማዶ አዲስ ማደሪያ ተከፍቷል። ባለቤቱ መንገደኛውን እየጠራ፣ "የዚያችን ቤት በትር አሳዩኝ፤ ሃያ ጭረት ካለው ዛሬውኑ እሳት ዳር አስተኛችኋለሁ። እስከ ፋሲካ ከተመላለሳችሁ ቦታው የእናንተ ነው" ይላል።

ነጋዴው ሲገላበጥ አድሮ ሲነጋ ጫኙን አማከረው። ሽማግሌው ጭነት እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ "ጌታዬ፣ ለመሆኑ ከፋሲካ ወዲያ መንገዳችን በየት ነው?" አለው።

"በማዶ ነዋ።"

"እንግዲያማ..."

"ጭረቶቼስ?"

"በትሩ የእርስዎ ነው፤ ቢላዋው ግን የእሷ ነው። ነገ ሁለቱን እንደ አንድ ብትቆጥረው ማን ይከለክላታል? በገብስ መንዝረውት እንሂድ።"

አጋሰሶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ገብስ በሉ። የማዶው ቤት እሳት ይጨሳል፤ መደቡም በትር ይዞ በመጣው ሁሉ ተጣቧል። ነጋዴው አጉረመረመ። ሆኖም ግማሽ ቀኑን መልሶ አገኘ፤ የበቅሎዋም ጀርባ ዳነ።

የዛሬው ተመላላሽ መንገደኛ በትር ማይል ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 እ.ኤ.አ. የራሱን የማይል መዝገብ ሲጀምር የሚቆጠረው የተበረረው ርቀት ነበር። ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን ራሱ በ2016 ቆጠራውን ወደ ተከፈለው ዋጋ አዞሩት። ርካሽ ትኬት እያደኑ ማይል ያከማቹ የነበሩ ሰዎች ያኔ ነው ቢላዋው በማን እጅ እንዳለ ያወቁት። የተጠራቀመ ማይል አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ በብዙ በረራ የተገኘን ደረጃ ግን ተፎካካሪው አንዳንዴ ለሙከራ ያህል ይቀበላል። ስለዚህ ለመቀየር የወሰነ ሰው መጀመሪያ ማይሉን በትኬት ቢጨርሰው ይበጀዋል።

ነጋዴው ያላገኘው አንድ ዕድል ደግሞ አለን፤ በትሩን ለመቀየር ቤቱን መቀየር ግድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ ያለበትን የአየር መንገዶች ጥምረት፣ ስታር አሊያንስን፣ ተቀላቅሏል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚበር ሰው ያንኑ በረራ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መዝገብ በሼባ ማይልስም ሆነ በዩናይትድ መዝገብ ማስቆጠር ይችላል፤ በሁለቱም ላይ ግን አይሆንም። በየትኛውም ወርቅ ደረጃ ቢደርስ ላውንጅ ይገባል፤ ተጨማሪ ሻንጣም ይፈቀድለታል። ለዘመድ አዝማድ ዕቃ ለሚሸከም ሰው ደግሞ ሻንጣዋ ከላውንጁ ቡና ትበልጣለች። ኤምሬትስ በአንጻሩ ከሦስቱ ታላላቅ ጥምረቶች ውጭ ነው። የዱባይ ነጋዴ በኤምሬትስ መዝገብ በስካይዋርድስ ወርቅ ላይ ቢደርስ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚበርበት ቀን ካርዱ ምንም አያደርግለትም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የዩናይትድ የራሱ ወርቅ ደንበኛ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሲበር፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን ዴንቨር፣ በደረጃው ብቻ የዩናይትድ ላውንጅ አይከፈትለትም። የሼባ ማይልስ ወርቅ የያዘ ግን በዚያው በረራ ይገባል። አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ አሜሪካ ውስጥም በዩናይትድ ደጋግሞ የሚበር የዋሽንግተን ሰው፣ ይህን ሳያሰላ ወደ ዩናይትድ መዝገብ ባይሮጥ ይሻለዋል።