ክህደት በምን ይመሰከራል?

ሰውን ሌባ ለማለት የጠፋው ንብረት፣ ነፍሰ ገዳይ ለማለት የወደቀው ሬሳ አለ። ከሐዲ ለማለት ግን ምን አለ? ክህደት አስቀድሞ በልብ የሚሠራ ነው፤ ልብን የሚያይ ዳኛ ደግሞ በምድር ላይ የለም። ሆኖም አገር በጠላት ስትወረር ከሁሉ ፈጥኖ ከአፍ የሚወጣው ስም ይኸው ስም ነው። በማን ላይ፣ በምንስ ማስረጃ ልናወጣው እንደሚገባን አንባቢ ከእኛ ጋራ ጥቂት እንዲያስብ እንወዳለን።

ምሳሌ የምናደርገው ስፍራ ሩቅ አይደለም። ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚያወጣው መንገድ የሚያልፍባት መዘዞና በዙሪያዋ ያለው ደጋ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጠላት ዘመን የሸዋ አርበኞች የተመላለሱበት አገር ነው። በእንዲህ ያለው አገር የሚኖር ባላገር ቀን ለጠላት ሹም ይገብራል፤ ሌት ለአርበኛ ስንቅ ያቀብላል። ከጠላት ጽሕፈት ቤት ደመወዝ እየበላ ጥይትና ወሬ ወደ ጫካ የሚልክም ነበረ፤ የውስጥ አርበኛ የምንለው ይህንን ነው። ጎረቤቱ ግን ምን አየ? ወደ ጠላት ደጅ ሲገባ፣ ደመወዙንም ሲቀበል አየ። ሁለት ሰው ይቅርና መንደሩ ሁሉ ይመሰክርበታል፤ የሚመሰክሩትም እውነት ነው። ስሕተቱ ያለው ከምስክሮቹ ቃል ላይ ሳይሆን ከቃላቸው በሚወጣው ፍርድ ላይ ነው።

ከዋናው መሪ ከራስ አበበ አረጋይ የደረሰውም ከዚህ አይርቅም። በ1932 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ በጦር ያጣውን በእርቅ ሊያገኝ ፈልጎ ከእርሳቸው ጋራ ድርድር ያዘ። መልእክተኛ ተመላለሰ፣ ጠላትም ሊገቡልኝ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። ይህን ከሩቅ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ፍጻሜው ግን እርሳቸው በድርድሩ ፋታ አገኙበት እንጂ አልገቡም፤ ነጻነት እስኪመለስም በዱር ቆዩ። በድርድሩ መካከል ድንገት ሞተው ቢሆን ኖሮስ? ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ያው ልብ ሆኖ ሳለ ስማቸው በየትኛው መዝገብ ይጻፍ ነበር?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የቆመው ከዚሁ ጭንቅ ላይ ነው። በ1787 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያረቀቁት ሰዎች ራሳቸው በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ የሸፈቱ ነበሩና፣ የክህደት ክስ በሹም እጅ ምን ያህል የተመቸ መሣሪያ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከወንጀሎች ሁሉ ይህን አንዱን ብቻ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ወሰን አበጁለት። ክህደት ማለት በአገር ላይ ጦር ማንሣት፣ ወይም ከጠላት ወግኖ እርሱን መርዳት ነው፤ ይህም የሚረጋገጠው ስለ አንድና ስለዚያው ግልጽ ሥራ ሁለት ሰዎች ሲመሰክሩ፣ ወይም ተከሳሹ በግልጽ ችሎት ሲያምን ነው። አንዱ ስለ ሰኞው፣ ሌላው ስለ ዓርቡ ቢመሰክር አይበቃም።

ይህ ደንብ በ1945 በአንድ ሰው ላይ ተፈተነ። አንቶኒ ክሬመር የተባለ በጀርመን አገር የተወለደ አሜሪካዊ፣ ለማፍረስ ሥራ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከመጡት ጀርመኖች ከሁለቱ ጋራ በኒውዮርክ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሲጠጣና ሲያወራ የመንግሥት ወኪሎች አዩት። ምስክር አልጐደለም፤ የጐደለው የሚናገሩትን የሰማ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በአምስት ድምፅ ለአራት፣ መቀመጥና መጠጣት ጠላትን መርዳት መሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ ፍርዱን ሻረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ከእነዚያው ሰዎች የአንዱ አባት፣ ልጁን በቤቱ ያሳደረና መኪና የገዛለት፣ ፍርዱ ጸናበት። አባትነት ነው ወይስ ክህደት? የሚለውን ለመመለስ ያን ችሎት አንቀናበትም።

የእኛም አገር ከዚህ ባዶ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይሻል። በአጠገቡ ደግሞ አውጫጭኝ ነበረ፤ አገሬው ተሰብስቦ በደለኛውን ሲያወጣ፣ ስሙ የማይገለጥ «ወፍ» ይጠቁማል። ወፍ ለጠፋ በሬ ይጠቅም ይሆናል፤ በአንገት ላይ ሲመጣ ግን የጠላትና የቂመኛ መሣሪያ ነው።

ከዚህ ላይ የሚቃወመን ይኖራል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ የተጠጉትን አርበኞችና ቤተ ሰቦቻቸውን ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ አጥቅቶ ብዙ መቶ ሰው ፈጀ። እንዲህ ባለ ስፍራ መንገድ የመራ ከሐዲ ቢኖር ማን ይመሰክርበታል? የተሳካ ክህደት ምስክሮቹን ይዞ ይጠፋል። ሁለት ምስክር የሚሻ ሕግ ለሰነፉ ከሐዲ እንጂ ለብልኁ አልተሠራም ቢሉን፣ እውነት ነው እንላለን። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ በግልጽ ወደ ጠላት የገቡት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ለማስረጃ አያስቸግሩም፤ የሚያስቸግረው በጨለማ ያንሾካሾከው ነው።

ይሁን እንጂ መቅጣት ሌላ፣ መሾም ሌላ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በቀል እንዳይፈጽም አስጠነቀቁ። ይህ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አርበኛ ያማረረው ግን ባንዳ ስላልተሰቀለ አልነበረም፤ ባንዳ ከበላዩ ስለ ተሾመ ነው። ሰውን ለመግደል ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ሹመት ለመንፈግ ግን ያን ያህል አያስፈልግም፤ ሹመት የማንም ርስት አይደለምና። እኛ እንደምናየው ያን ጊዜ የተደበላለቀው ይህ ነው፤ ምሕረቱ እንደ ንጽሕና ምስክር ተቈጠረ።

የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ሌላም አንድ ነገር አለበት፤ የከሐዲ ቅጣት ወደ ዘሩ እንዳይተላለፍ፣ ንብረቱም ከዕድሜው አልፎ እንዳይወረስ ይከለክላል። በእኛ ዘንድ ርስት በክህደት ይነቀል ነበር። ያ ቀርቷል፤ «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስድብ ግን አልቀረም። አያቱ በየትኛውም ችሎት ያልቀረበ፣ አንድም ምስክር ያልተቈጠረበት ሰው የልጅ ልጅ ዛሬም በዚህ ስም ይጠራል፤ ከሚጠሩትም ያን ዘመን በዓይኑ ያየ የለም ለማለት ይቻላል።