በእኅታችሁ ላይ የተናገራችሁ

ወገኖቼ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ በአዳራሹ ቡና እየተቀዳ የሰማሁት ወሬ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ነበር። «ሰነፎች ናቸው፤ ትዳር አያውቁም፤ ለድጎማ ብለው ይወልዳሉ» ተባለ። ቀጥሎም «ባርያ» የሚለው ስድብ ወጣ፣ ነጠላ ካጣፋች ሴት አፍ። ተሳቀ። እኔም ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ተግሣጹ ከእኔ ይጀምራል።

የናቃችኋትን ሴት ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1662 ቨርጂኒያ ልጅ የእናቱን ባርነት እንዲወርስ ደነገገች። ጌታው ደፍሮ ያስወለዳት ሕፃን ንብረቱ ሆነ፤ ሲፈልግ ከጡቷ ነጥቆ ሸጠው። ቤቷን ያፈረሰው ሕግ ነው፣ ስንፍናዋ አይደለም። በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም የፌስቱላን ቀዶ ሕክምና የተለማመደው በባርነት በተያዙ ሴቶች ገላ ላይ ነው። አናርካ፣ ቤትሲ፣ ሉሲ ይባላሉ። ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። አናርካን ብቻ ሠላሳ ጊዜ ያህል ቀደዳት። ፌስቱላ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? አዲስ አበባ ላይ ታክመው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን እናቶች ስናይ እልል ያልን ሰዎች፣ የእነዚህን የሦስቱን ስም እንኳ አናውቅም።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ፋኒ ሉ ሄመር በ1961 ሚሲሲፒ ውስጥ ዕጢ ልታስወጣ ሆስፒታል ገብታ፣ ሳትጠየቅ ማኅፀኗን አወጡባት። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ለምርጫ መብት ስለታገለች እስር ቤት ውስጥ ቀጠቀጧት። እኛ የገባንበትን በር የከፈተው የ1965ቱ የስደተኞች ሕግ የወጣው በዚያ ትግል ዘመን ነው። ዛሬም በዚህ አገር ጥቁር እናት በወሊድ ምክንያት የምትሞተው ከነጭ እናት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የተማረችውም አታመልጥም። ምጥ የያዛትን ልጃችሁን የሚቀበላት ሐኪም «የየት አገር ጥቁር ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

የሙሴ እኅት ማርያም በኢትዮጵያዊቱ ሚስቱ ምክንያት አጉረምርማ በለምጽ እንደተመታች ስንሰማ ደስ ይለናል፤ የተነቀፈችው የእኛ ናትና። ዛሬ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የቆምነው በማርያም ቦታ ነው። ንስሐ ግቡ! በጸሎት ብቻም አይደለም፤ በሚመጣው እሑድ ያ ቃል ሲወጣ ስኒያችሁን አስቀምጡና፣ ልጆቻችሁ እየሰሙ፣ «ተይ!» በሏት።